ከላስ ቬጋስ ወደ ሚኒያፖሊስ፦ አንድ የ1951 ቤት ለ−28 ሲዘጋጅ

በፈረንጆቹ ኦገስት 2018 አምስት ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸውና ከአያታቸው ጋር፣ ከላስ ቬጋስ ወደ ሚኒሶታዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ ተዛወረ። በከተማዋ ደቡብ የገዙት ቤት በ1951 የተሠራ ነው፤ የላይኛው መኝታ ቤቶች ጣሪያው ሥር የተሸጎጡበት፣ የአገሩ ሰው «አንድ ተኩል ፎቅ» የሚለው ዓይነት። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ እንዲህ ባለ ቤት የተሞላ ሰፈር ብዙ ነው፤ በዊንተር ባለቤቱን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረውም ይኸው ቤት ነው። ሲገዛ ያየው ሁሉ ወደደው። ወለሉ ኦክ፣ የጣሪያው ክዳን ገና አዲስ፣ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ምድጃ፣ ፈርነሱም፣ የ6 ዓመት ብቻ። የግዢ ምርመራው ስለ ብርድ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ የአቲኩ (ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ) ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ የሚለብሰው ነገር፣ አነስተኛ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ጠዋት፣ የሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀት −28 ፋረንሃይት ሆነ፤ በሴልሺየስ −33 ማለት ነው። ነፋሱ ሲታከልበት ገላ ላይ የሚሰማው ከ−50 ፋረንሃይት ያለፈ ብርድ ነበር። ፖስታ ቤቱ እንኳ በዚያ ቀን ሚኒሶታ ውስጥ ደብዳቤ ማደል አቆመ። ከዚህ በታች ቤቱ ለዚያ ሌሊት ምን እንደ ተደረገለት፣ የትኛው ሥራ እንደ ያዘ፣ የትኛው እንደ ከሸፈና ለምን እንደ ከሸፈ ቀርቧል። ዲግሪዎቹ በአብዛኛው በፋረንሃይት ናቸው፤ የቤቱ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱም፣ የሚናገረው በእሱ ነው። ቤተሰቡን የሚያስለይ ነገር ተትቷል።

19,000 ዶላር ለመስኮት

ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ብርድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው መስኮቱን ነው። ይህም ቤተሰብ 14 መስኮት ለማስቀየር ዋጋ አስጠየቀ፤ 19,000 ዶላር ተባለ። በእጃቸው የነበረው 6,500 ነው። ለቀረው ሊበደሩ ነበር።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። አሮጌው መስኮት አንድ መስታወት ቢሆንም ከውጭ አልሙኒየም ስቶርም ዊንዶው የሚባል ተደራቢ መስኮት አለው። አንድ ነገር ሙቀት እንዳያመልጥ የመከልከል አቅሙ በአር ይለካል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ይሻላል። ሁለቱ አንድ ላይ አቅማቸው ወደ አር-2 ይጠጋል። ጥሩ የሚባል አዲስ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ከአር-3 ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ 19,000 ዶላሩ የሚገዛው አንድ አር ገደማ ነው፤ ያውም ከቤቱ ገላ ትንሽ በሆነው ክፍል ላይ። የዚሁ ገንዘብ ሲሶ የማይሞላ ወጪ አቲኩን ከአር-11 ወደ አር-49 ያደርሳል። አር-49 በዚያን ጊዜ በሚኒሶታ የግንባታ ደንብ ለአዲስ ቤት ኮርኒስ የሚጠየቀው ነበር።

ከኢንሱሌሽኑም የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም አየር ነው። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በኮርኒሱ ቀዳዳዎች አምልጦ ወደ አቲክ ይገባል። በወጣው ልክ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ በምድር ቤቱ ስንጥቆች፣ ይሳባል። ቤቱ በሙሉ እንደ ጭስ ማውጫ ይሠራል ማለት ነው፤ ውጭው በቀዘቀዘ ቁጥርም ሳቡ ይበረታል። ሳሎን ተቀምጦ እግሩን ብርድ የሚነካው ሰው መስኮቱን ይጠረጥራል፤ ብርዱ የገባው ግን ኮርኒሱ ላይ ባለ ቀዳዳ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ላይኛውን መዝጋት፣ ቀጥሎ ታችኛውን፣ መስኮቱን መጨረሻ ላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

መስኮቱ ቀርቶ ብሎወር ዶር የሚባለው ፍተሻ ተደረገ። በዋናው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠምና የቤቱን አየር ወደ ውጭ እየሳበ ግፊቱን በ50 ፓስካል ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ግፊት ለመጠበቅ ማራገቢያው በደቂቃ የሚያስወጣው አየር ይለካል። ውጤቱ 3,300 ኪዩቢክ ጫማ ሆነ። በዚህ ቤት ስፋት የውስጡ አየር በዚያ ግፊት በሰዓት 11 ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው። የሚኒሶታ ደንብ በዚያን ጊዜ ለአዲስ ቤት የሚፈቅደው 3 ነበር።

ፍተሻው በሴፕቴምበር፣ ገና በሙቀት ወቅት መሆኑ ጠቅሟል። አቲኩ በፀሐይ ግሎ ስለነበር ማራገቢያው ሲሳብ ትኩሱ አየር በየቀዳዳው ወደ ቤት ወረደ፤ በሙቀት ካሜራ ሲታይ በመታጠቢያ ቤቱ መብራት ዙሪያ፣ በአቲክ መውጫው ክዳን ጠርዝና በላይኛው ፎቅ ወለል ሥር ብጫ ምላስ እየመሰለ ታየ። ካሜራ ለሌለው ሰው የተጫረ የዕጣን እንጨት ይበቃል፤ ጭሱ የታጠፈበት ቦታ ቀዳዳ አለ።

አቲክ፦ ሥራው የበዛበት ቦታ

ማንም ሰው አቲኩ ውስጥ ከመንቀሳቀሱ በፊት የነበረው ኢንሱሌሽን ምን እንደሆነ ታየ። እንደ ጠጠር የሚንከባለል፣ ወርቅማ ወይም ብርማ፣ እንደ አኮርዲዮን የተደራረበ ፍሬ ከሆነ ቨርሚኩላይት ነው፤ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይነካም፣ አይጠረግም፣ ሥራው እዚያው ይቆማል። ይህ በሚኒያፖሊስ ተራ ስጋት አይደለም፤ ሞንታና ግዛት ሊቢ ከተባለች ከተማ ማዕድን ማውጫ የመጣው ቨርሚኩላይት ለአሥርት ዓመታት በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በነበረ ፋብሪካ ይዘጋጅ ነበር። እዚህ ቤት የተገኘው ግን 4 ኢንች የሚሆን፣ ከድንጋይ የተፈተለ ጥጥ መሰል ግራጫ ሮክ ዉል ነው፤ ባለበት እንዲቀር ተደረገ።

የአንድ ተኩል ፎቅ ቤት ሕመም ያለው መኝታ ቤቶቹ ጎን ባሉት አጫጭር ግድግዳዎች ጀርባ ነው። ከግድግዳዋ ኋላ ሰው ተንበርክኮ የሚገባበት ሦስት ማዕዘን ባዶ ቦታ አለ። የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ከዚያ ባዶ ቦታ ተነሥተው በግድግዳዋ ሥር አልፈው እስከ ሌላኛው ጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወለል ለወለል ክፍት ቦይ ነው። ውርጩ በአንድ በኩል ገብቶ ከመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ተጉዞ በሌላ በኩል ይወጣል። የቀድሞው ባለቤት ክፍተቶቹን በፋይበርግላስ ጥቅል ወትፎ ነበር። ጥቅሎቹ ሲወጡ ሮዝ የነበረው ጫፋቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ይህ ሻጋታ ሳይሆን አቧራ ነው፤ ፋይበርግላስ አየር አይከለክልም፣ እንደ ፊልተር ያጣራዋል። ጥቁር ፋይበርግላስ የታየበት ቦታ ሁሉ አየር ለዓመታት ሲያልፍበት ኖሯል።

የተሠራው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዷ አጭር ግድግዳ ሥር፣ በየሁለቱ እንጨት መካከል፣ 2 ኢንች ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም በልክ እየተቆረጠ ገባ፤ ዙሪያው በሚረጭ ፎም ታሸገ። በሁለቱም ጎን ሲቆጠር 44 ክፍተት ነበር። በጡብ ጭስ ማውጫውና በእንጨቱ መካከል ያለው የ2 ኢንች ክፍተት ለእሳት ደኅንነት የተተወ ስለሆነ ፎም አይገባበትም፤ በቀጭን ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ተሸፍኖ ጠርዙ ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ተለሰነ። የሽንት ቤት ቧንቧ ወደ ጣሪያ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ የመብራት ሳጥኖች፣ የውስጥ ግድግዳዎች አናት፣ ሁሉም በየተራ ተደፈነ። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ እንፋሎቱን አቲክ ውስጥ ይተፋ ነበር፤ ኢንሱሌሽን በለበሰ ቱቦ ከጣሪያ ውጭ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ባይስተካከል ኖሮ እርጥበቱ በጣሪያው ምስማሮች ጫፍ ላይ አመዳይ ሆኖ ይከማች ነበር። በጃንዋሪ የተከማቸው አመዳይ በማርች አንድ ሞቅ ያለ ቀን ሲቀልጥ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱም ጣሪያዬ አፈሰሰ ብሎ ጣሪያ ሠሪ ይጠራል።

ኢንሱሌሽኑ የተነፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተዳፋት በሆኑት ኮርኒሶች ውስጥ ሴሉሎስ (ከተፈጨ ወረቀት የሚሠራ ኢንሱሌሽን) ታጭቆ ገባ፤ ጠፍጣፋው ላይ ከአሮጌው በላይ 11 ኢንች ተነፋ። እዚህ ላይ ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው የከረጢቱን ቁጥር ነው። ሴሉሎስ አየር ተጨምሮበት ሲነፋ ጥልቅ ይመስላል፣ ከወራት በኋላ ግን ይሰጥማል። በየከረጢቱ ላይ ለዚህ ስፋት ለዚህ አር ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ የሚናገር ሠንጠረዥ ታትሟል፤ ሠራተኛው ሲጨርስ ባዶ ከረጢቶቹን ቆጥሮ ማመሳከር እንጂ በማስመሪያ ብቻ መርካት አይበቃም።

ለአቲኩ ጠቅላላ 4,300 ዶላር ወጣ።

ምድር ቤት፣ እና የተሳሳተው አንድ ክፍተት

ሰሜን አገር ምድር ቤት የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ መሬቱ በጥልቀት ስለሚቀዘቅዝ። በሚኒያፖሊስ አካባቢ ደንቡ መሠረት እስከ 42 ኢንች እንዲወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን እስከ 60። የእንጨቱ ቤት በኮንክሪቱ መሠረት ላይ የሚያርፍበት ጠርዝ ሪም ጆይስት ይባላል፤ በዚህ ቤት ውስጥ በ1.5 ኢንች ጣውላ ብቻ ከውጩ የተለየ ነበር። ይህን ሥራ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ሠሩት፦ 3 ባለ 4 በ8 ጫማ የፎም ሰሌዳ፣ 10 ጣሳ የሚረጭ ፎም፣ አንድ ረጅም ቢላዋ። ቁራጩ ከክፍተቱ በሁሉም ጎን ሩብ ኢንች ያህል ቢያንስ ይሻላል፤ በኃይል ከተሰካ ፎሙ የሚገባበት ስንጥቅ አይኖርም። 190 ዶላርና ሁለት ቅዳሜ ፈጀ።

በሰሜን በኩል ባለው አንድ ክፍተት ውስጥ ግማሽ ኢንች የመዳብ ቧንቧ ነበር፤ ወደ ማዕድ ቤቱ እቃ ማጠቢያ ሙቅ ውሃ የሚወስደው። ሰሌዳው ከቧንቧው ፊት፣ በምድር ቤቱ በኩል ተለጠፈ። ቧንቧው ከፎሙ ውጭ፣ ከውጩ ጣውላ ጋር ቀረ። ለዓይን የጸዳ ሥራ ነው። ግን ፎሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቧንቧውን ከቤቱ ሙቀት እየለየው ነበር። ይህ ስሕተት እስከ ጃንዋሪ ማንም ሳያየው ተቀመጠ።

በኦክቶበር የተሠሩት ጥቃቅን ነገሮች በፍጥነት ሊነገሩ ይችላሉ። የአትክልት ጎማው ከውጭ ቧንቧ ተነቀለ፤ ጎማ እንደተሰካ ከቀረ ውርጭ የማይበግረው ዓይነት ቧንቧ እንኳ ውሃው ስለማይፈስለት ግድግዳ ውስጥ ይፈነዳል። የውስጡ ቫልቭ ተዘጋ፣ የውጩ ተከፍቶ ተተወ። የዋናው ውሃ መዝጊያ ቆጣሪው አጠገብ ቀይ ፕላስተር ታሰረበት፤ ልጆቹም ጭምር እንዲዘጉት ተለማመዱ። መስኮቶቹ ላይ በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠር ላስቲክ ተለጠፈ፤ 80 ዶላር። ስቶርም ዊንዶው ሥር ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ግን ውሃ ማስወጫ ናቸውና አይደፈኑም። አመዳዩ የት እንደሚይዝ ማየት ደግሞ ነጻ ምርመራ ነው፦ በውጩ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ከሆነ የውስጡ መስኮት ያፈሳል፤ በውስጡ መስታወት ላይ ከሆነ ወይ ስቶርሙ ያፈሳል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ እርጥበት በዝቷል።

ቤቱ ከታሸገ በኋላ የመጣው አደጋ

ሥራው ሲያልቅ ብሎወር ዶሩ ተደገመ፤ 3,300 የነበረው 1,900 ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ማቆም የሌለበት ግን እዚህ ነው።

ፈርነሱ ዘመናዊ ስለሆነ አየሩን ከውጭ በፕላስቲክ ቱቦ ስቦ ጭሱን በሌላ ቱቦ ያስወጣል። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ግን የድሮ ዓይነት ነው፤ ጭሱ በራሱ ቅልልነት ወደ ጡቡ ጭስ ማውጫ እንዲወጣ ተትቷል። ማዕድ ቤት ውስጥ ደግሞ ቤተሰቡ እንደገባ የገጠመው በደቂቃ 600 ኪዩቢክ ጫማ የሚስብ ማራገቢያ አለ፤ በየሳምንቱ ሽንኩርት እያቁላላ በርበሬ የሚያበስል ቤት ይህን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ማራገቢያው፣ የልብስ ማድረቂያውና የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ አንድ ላይ ሲከፈቱ የወጣውን አየር የሚተካ ከየት ይምጣ? በፊት በቀዳዳዎቹ ይገባ ነበር። አሁን ቀዳዳው ስለጠፋ ቤቱ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ታች መሳብ ጀመረ። ባለሙያው ከውሃ ማሞቂያው አናት ላይ ባለው፣ ጭሱ በሚያልፍበት ጃንጥላ መሰል ክዳን ጠርዝ ላይ ጭስ ሲያስጠጋ ጭሱ ወደ ላይ በመሄድ ፈንታ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ወጥ በሚሠራበት ሰዓት የጋዙ ቃጠሎ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ጭምር፣ ወደ ምድር ቤት ይፈስ ነበር ማለት ነው።

ማሞቂያው በራሱ ሞተር ጭሱን በፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ በሚገፋ ተቀየረ፤ 2,100 ዶላር። ያልታሰበ ወጪ ነበር። ነገር ግን አቲክ የሚያሽግ ሰው የጋዝ ዕቃው ምን ዓይነት እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠይቆ በጀቱ ውስጥ ቢያስገባው ድንገተኛ አይሆንም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ተገጠመ፤ የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዲኖር ያዛል። ሦስት ማንቂያ በ90 ዶላር። ከመሬት የሚወጣውን ጨረራማ ጋዝ፣ ራዶንን፣ የሚለካ መሣሪያም ተቀመጠ፤ ሚኒሶታ ውስጥ ከአምስት ቤት በሁለቱ ያህል ከፍ ያለ ራዶን ስለሚገኝ፣ ቤት ሲታሸግም መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል።

በዚሁ ምዕራፍ የቡናው ጉዳይ ተነሣ። አያት በላስ ቬጋስ ከሰሉን በረንዳ ላይ እያያዙ፣ ፍሙን ይዘው ይገቡ ነበር። እዚያ በርና መስኮቱ ክፍት ነው። «እማማ፣ እዚህ መስኮት ቢከፍቱም አይሆንም» የሚለው ምክር ለጆሮ ቢከብድም ትክክል ነው፤ የከሰል ፍም ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አያቆምም፣ ሽታም የለውም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ተቆላ፣ ጀበናው በአንድ ዓይን ስቶቭ ላይ ተጣደ፣ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ ተገዛ። ረከቦቱና ቄጤማው እንደነበሩ ናቸው።

ሌላም የማዕድ ቤት ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣዱና 1,500 ዋት የሚስበው ትንሽ ሂተር አንድ መስመር ላይ ሊሰኩ አይችሉም፤ ባለ 15 አምፔር ብሬከር በ120 ቮልት የሚሸከመው 1,800 ዋት ነው። ሂተሩም በኤክስቴንሽን ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ መጋረጃና አልጋ ልብስም 3 ጫማ ይርቁታል። ሊጡ ደግሞ 60 ዲግሪ በሆነ ማዕድ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጦ አልቦካም፤ ምድጃው ጠፍቶ መብራቱ ብቻ በርቶ ውስጡ ሲቀመጥ ነፍስ ዘራ።

ጃንዋሪ 29፣ 30፣ 31

ቤተሰቡ መጀመሪያ ስልክ የደወለበት ነገር የሐሰት ስጋት ነበር፦ ፈርነሱ አይቆምም። መቆም የለበትም። በሚኒያፖሊስ ማሞቂያ የሚለካው ለ−11 ወይም ለ−15 ፋረንሃይት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ያለ ዕረፍት መሥራቱ ጤናው ነው። ሁለተኛ የደወሉበት ሌሊት ከጣሪያው እንደ ጥይት የሚጮኸው ድምፅ ነበር። እንጨቱ በብርድ ሲኮማተር የሚያሰማው ነው፤ ምንም አልተሰበረም።

እውነተኛው ብልሽት ረቡዕ ጃንዋሪ 30 ከንጋቱ በፊት መጣ። ፈርነሱ ጠፋ። በሩ ሲከፈት ትንሿ መብራት እየቆጠረች ብልጭ ትላለች፤ የቁጥሩ ትርጉም በበሩ ጀርባ ተለጥፏል፦ አየሩ በትክክል መሳቡን የሚያረጋግጠው የግፊት ማብሪያ አልበራም። ምክንያቱ ከቤቱ ጎን ተገኘ። አየር መሳቢያው ቱቦ ከመሬት 9 ኢንች ብቻ ከፍ ብሎ ነበር፤ ነፋሱ ቀደም ሲል የጣለውን በረዶ ጠርጎ አፉ ላይ ከምሮታል። በእጅ ተጠረገ፣ ፈርነሱ ጠፍቶ ተነሣ፣ ሠራ። ቤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ67 ወደ 62 ወርዶ ነበር፤ በቀድሞው አቲክ ቢሆን ይበልጥ በወረደ። በኋላ ቱቦው በክርንና በቀጥታ ቱቦ ተቀጥሎ ሊደርስ ከሚችለው በረዶ በላይ 12 ኢንች ከፍ አለ፤ የዕቃው ዋጋ ከ30 ዶላር አላለፈም።

በዚያው ማታ ከከተማዋ ሰሜን ባሉ አካባቢዎች የጋዝ አቅርቦት ስለ ጠበበ በሚኒሶታ ያሉ የኤክሴል ኢነርጂ ኩባንያ የጋዝ ደንበኞች ቴርሞስታታቸውን ወደ 63 ዝቅ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ቤተሰቡ ወሬውን የሰማው ከጓደኛ በስልክ ነው፤ ወደ 58 አወረዱት። ለሰው ማሰብ ነው፤ ግን 5 ዲግሪው ከሰሜኑ ግድግዳ ውስጥ ላለው ቧንቧ ብዙ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሙቅ ውሃው አልመጣም።

ቧንቧ ሲቀዘቅዝ በረዶው ራሱ ባለበት ቦታ ሁልጊዜ አይፈነዳም። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በረዶው እንደ ቡሽ ዘግቶ ሲያድግ በእሱና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የታጨቀው ውሃ ይጨመቃል፣ መዳቡንም የሚቀደው ያ ግፊት ነው። አፉ ተከፍቶ ጠብ ጠብ ሲል የሚያድነው ቧንቧውን በማሞቅ ሳይሆን ግፊቱን በማስተንፈስ ነው። እነሱ ማታ ቀዝቃዛውን ብቻ ከፍተው አድረዋል፤ ሙቅ ውሃ አይቀዘቅዝም ብለው። ያልተንቀሳቀሰ ሙቅ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

መጀመሪያ ዋናው ውሃ ተዘጋ፣ የማጠቢያው ሙቅ አፍ ተከፈተ። ከዚያ ምድር ቤት ተወርዶ የፎም ሰሌዳው በቢላዋ ሲወጣ ቧንቧው ነጭ አመዳይ ለብሶ ታየ። በፀጉር ማድረቂያ ከአፉ ወገን ተጀምሮ ወደ በረዶው እየተቀረበ ተሞቀ፤ ከመካከል ቢጀመር የሚቀልጠው ውሃና እንፋሎት መውጫ ያጣል። በእሳት ማቅለጥ ጨርሶ አይታሰብም። 40 ደቂቃ ፈጀ፤ ውሃው ሲለቀቅ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ዕድል ነው። ሰሌዳው አሁን ከቧንቧው ጀርባ፣ በውጩ ጣውላ ላይ ተለጥፏል፤ ቧንቧው ወደ ምድር ቤቱ ሙቀት ወጥቷል። ቴርሞስታቱን ከ58 ወደ 68 መመለስ ቀኑን ሙሉ ወሰደ፤ በዚያ ብርድ ፈርነሱ የሚተርፈው ጉልበት ጥቂት ነው። ከባድ ብርድ ሲመጣ ሌሊት በብዙ ማውረድ የማያዋጣው ስለዚህ ነው። 63 ከተባለ 63።

የመስኮቶቹ ነገር የዘገየ ጉዳት ነበር። ፈርነሱ ላይ ያለው እርጥበት ሰጪ በ40 በመቶ ተቀምጦ ስለነበር በመስኮቶቹ ግርጌ እንጨት ላይ የጣት ውፍረት ያለው በረዶ ተጋገረ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ልክ ቤቱ 70 ዲግሪ ሲሆን የሚሠራ ነው፦ ውጭ ከ20 እስከ 40 ሲሆን እስከ 40 በመቶ፣ ከዜሮ እስከ 10 ሲሆን 30፣ ከ−10 እስከ −20 ሲሆን 20፣ ከ−20 በታች 15። አፍንጫ መድረቁ አይቀርም፤ የበሰበሰ የመስኮት እንጨት ግን ከዚያ ይከፋል።

ደጅ ላይ ያለው በአጭሩ፦ የመኪናው ኢንጂን ማሞቂያ ከመነሻው 3 ሰዓት በፊት በሰዓት ቆጣሪ ይበራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ኤሌክትሪክ ማባከን ነው። ተራው የመንገድ ጨው ከ15 ዲግሪ በታች በረዶ አያቀልጥም፤ አሸዋ ይበተናል። የእግረኛ መንገዱን ባለ ቤቱ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠርግ ከተማው ያዛል።

ጣሪያው ላይ የቀረችው ጥቁር ክብ

ፌብሩዋሪ 2019 በሚኒያፖሊስ ከተመዘገቡት ፌብሩዋሪዎች ሁሉ በረዶ የበዛበት ሆነ፤ 39 ኢንች። በሰፈሩ አንድ ተኩል ፎቅ ቤቶች ጠርዝ ላይ የበረዶ ግድብ ተሠራ። ግድቡ የሚሠራው ከቤቱ ባመለጠ ሙቀት ነው፤ ከጣሪያው መካከል የቀለጠው በረዶ ወርዶ ቤቱ ከማያሞቀው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይጋገራል፣ ከኋላው የሚጠራቀመውም ውሃ በክዳኑ ሥር ወደ ቤት ይገባል። በመጥረቢያ የሚሰብሩት ክዳኑንም አብረው ይሰብራሉ። ከመሬት ቆሞ በረጅም እጀታ የጠርዙን 4 ጫማ ያህል በረዶ ማውረድ ይሻላል፤ ግድቡ ከተሠራ ደግሞ በእንፋሎት የሚያቀልጥ ሰው ይጠራል።

በዚህ ቤት ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው ጥቂት ነበር። ጣሪያው ከአንድ ቦታ በቀር እኩል ነጭ ሆኖ ከረመ። በስተምሥራቅ፣ ከልጆቹ መኝታ ቤት በላይ፣ የሰፌድ ስፋት ያላት ክብ ቦታ ግን በረዶው በጣለ በማግስቱ ጥቁር ክዳን ታሳያለች። ፎቶ ተነሥታ ተቀመጠች። በሜይ አቲኩ ውስጥ በእሷ አቅጣጫ ሴሉሎሱ ሲገለጥ ከሥሩ ማንም ያልደፈነው አሮጌ የመብራት ሳጥን ተገኘ፤ የሽቦው መግቢያ አውራ ጣት ያሳልፋል። መስመሩ ተቋርጦ በእሳት መከላከያ ማሸጊያ ተደፈነ፣ ሴሉሎሱም ወደ ቦታው ተመለሰ።